በበልግ ከጅማ ወደ ሞምባሳ፦ ዝናቡን፣ ሙቀቱንና ባሕሩን አስልቶ ጉዞ ማቀድ

ባሕር ለማየት ከጅማ ለሚነሳ ሰው የኬንያዋ ሞምባሳ ጥሩ ምርጫ ናት። ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበርባታል፣ ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅባትም፣ ምግቡም ለእኛ አፍ አይከብድም። ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ብዙዎቻችን ፈቃድ የምንወስደው ፋሲካን አስታከን ነው። ሞምባሳ ደግሞ የዓመቱን ከባድ ዝናብ የምትቀበለው በዚሁ ሰሞን ነው።

ቀመሩን ተመልከቱት። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። የሞምባሳ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ ገደማ ጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይቆያል። ስለዚህ ፋሲካ መቼም ይዋል መቼ የዝናቡ ወቅት ውስጥ ነው የሚወድቀው። ይህን ሳያውቁ ሄደው አራት ቀን ሙሉ ከሆቴል መስኮት ዝናብ ሲያዩ ሰንብተው የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ገንዘቡ የዓመት ቁጠባ ነውና እቅዱን ከአየሩ እንጀምር።

መጀመሪያ ቀኑ፣ ከዚያ ትኬቱ

ዝናብ አምጪው የደመና ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወጣል። በመጋቢትና በግንቦት መካከል የምድር ወገብን ሲሻገር ሞምባሳ ላይ ያወርደዋል። ወደ እኛ ሲደርስ ክረምት ይገባል። ለዚህ ነው እኛ ሰኔ ላይ ጃንጥላ ስንዘረጋ እነሱ ማጠፍ የሚጀምሩት። የባሕር ዳርቻው ሰዎች ይህን ረጅም ዝናብ ማሲካ ይሉታል። በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል የሚመጣው አጭሩ ደግሞ ቩሊ ነው።

ጅማ በዓመት ከሞምባሳ የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። «እኛ ዝናብ እናውቃለን» የሚል ሰው ግን እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የእኛ ዝናብ በብዙ ወራት ይከፋፈላል። የእነሱ በጥቂት ሳምንታት ይከመራል፤ ግንቦት አካባቢ ያለው አንድ ወር ብቻውን ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚሁ ወቅት ኬንያ ውስጥ የደረሰው ጎርፍ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል።

እንግዲህ ወቅቱን እንዲህ ከፋፍላችሁ እዩት።

ከየካቲት መጀመሪያ እስከ መጋቢት 10 ገደማ ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ገና እየነፈሰ ነው። ባሕሩ የረጋና የጠራ ይሆናል። ሙቀቱ ግን የዓመቱ ከፍተኛ ነው፤ ቀን 32 ወይም 33 ዲግሪ፣ ሌሊትም ከ24 ብዙ አይወርድም። የሆቴል ዋጋም ገና አይቀንስም። እኔ ብጠየቅ ፈቃዴን ከፋሲካ ነጥዬ በዚህ ጊዜ እወስዳለሁ።

ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው እንደ ዕድል ነው። አንድ ዓመት ደረቅ፣ በሌላው ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ይገባል። የኬንያውያን ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከእኛ ቀድሞ ይውላል፤ አንዳንዴም ይገጥማል። በዚያ ሳምንት የአገሬው ሰው ራሱ ወደ ባሕር ስለሚወርድ ሆቴልና ባቡር ይሞላል፣ ዋጋም ይወጣል። በዚህ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የእነሱን በዓል ቀን አስቀድማችሁ እዩ።

ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያለው ከባዱ ነው። ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፤ ኩሲ ይባላል። ባሕሩ ይናወጣል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ብዙ የጀልባ ጉዞዎች ይሰረዛሉ። ጥቅሙ ዋጋው ነው። የባሕር ዳር ሆቴሎች በብዙ ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹ ለእድሳት ይዘጋሉ። ለማረፍ፣ ከተማ ለማየትና ደህና ምግብ ለመብላት ከሆነ ያዋጣል። ለመዋኘትና ለጀልባ ከሆነ ግን አትሂዱ።

ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ሙቀቱ ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል፣ ዝናቡም ይቀላል። ልጆች ትምህርት ለሚዘጋላቸው ወላጆች ይህ ጥሩ አማራጭ ነው። ነፋስ ግን ይኖራል።

ሙቀቱን በቁጥር ብቻ አትለኩት

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ ናት። ቀን ቢሞቅም ማታ ሹራብ ይፈለጋል። ሞምባሳ ባሕር ላይ የተቀመጠች ደሴት ናት። አየሩ እርጥበት ስለጠገበ ላብ አይደርቅም፤ ሰውነት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ 31 ዲግሪ ተብሎ ስልክ ላይ የሚታየው ሰውነት ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ ነው። ዝናብ ከወረደም በኋላ እንደ ጅማ አይቀዘቅዝም። ፀሐይ ስትወጣ አስፋልቱ ይተናል፣ ወበቁ ይብሳል።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ይገባል። ደመና ቢኖርም ታቃጥላለች።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ቀለል አድርጓቸው። ሰውነት ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። የውጭ ሥራችሁን ከማለዳ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ጨርሱ፣ ከዚያ ጥላ ግቡ፣ 10 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ ውጡ። የታሸገ ውኃ ሳይጠማችሁም ጠጡ። ከፋርማሲ ጥቂት ኦ.አር.ኤስ ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ ልጅና አረጋዊ ካለ። ሆቴል ስትይዙም «ባሕር ያያል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ኤሲ ወይም የጣሪያ ፋን፣ እንዲሁም አጎበር መኖሩን ጠይቁ።

ወረቀትና ክትባት

ፓስፖርት ከሌላችሁ ከሁሉም በፊት እሱን ጀምሩ። ካላችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን እዩ። ኬንያ ከ2024 ጀምሮ በኦንላይን የመግቢያ ፈቃድ አሠራር አውጥታ ማን እንደሚካተትና ማን እንደማይካተት ደጋግማ አሻሽላለች። ስለዚህ ትኬት በምትገዙበት ቀን የመንግሥታቸውን ገጽ ከፍታችሁ አረጋግጡ። የሰው ወሬ ይዛችሁ ኤርፖርት አትሂዱ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ኬንያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች የሚመጣን ሰው ካርዱን ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱን ከወሰዳችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። አንዴ ከወሰዳችሁት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። «የጉዞው ሳምንት እወስዳለሁ» ማለት አይሠራም። ጅማ ውስጥ የት እንደሚሰጥ ከጤና ባለሙያ ጠይቁ፤ አዲስ አበባ መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀኑን በእቅዳችሁ ውስጥ አስገቡ።

ከዝናቡ ጋር ትንኝ ይመጣል፣ ከትንኝ ጋር ወባ። ጅማ ዙሪያ ወባ ስላለ ብዙዎቻችን በሽታውን እንንቀዋለን። ይህ ልክ አይደለም። ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም አማክሩና መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ መድኃኒት ከጉዞው በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ እስከ አራት ሳምንት ይወሰዳል። ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅ ያለ ሐኪም ምክር ምንም እንዳይወስዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከጀመራችሁ ሐኪሙ ጋ ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ሞምባሳ ነበርኩ» ይሁን።

ገንዘብን በተመለከተ፣ እዚያ በብር አትመኩ። ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ግዙ፣ ስትደርሱ በኬንያ ሽልንግ ቀይሩ። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኬንያ በኤምፔሳ ነው የምትኖረው፤ ከባጃጅ እስከ ኮኮናት ሻጭ ድረስ በስልክ ይቀበላል። በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡና እዚያው ኤምፔሳ አስከፍቱ። እዚህ አገር ያላችሁ የኤምፔሳ ሒሳብ እዚያ ያገለግላል ብላችሁ አትሂዱ።

መንገዱ

ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ወይም በ350 ኪሎ ሜትሩ የወልቂጤ መንገድ ነው። በበልግ ሁለቱም ሊዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ የዚያኑ ቀን የውጭ በረራ አትያዙ። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ እደሩ። የአንድ ቀን አልጋ ዋጋ ካመለጠ ትኬት በጣም ይረክሳል።

ከቦሌ ሞምባሳ በቀጥታ በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በየብስ በሞያሌ መሄድ የሚፈልጉ አሉ፤ ርካሽም ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ብቻ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰሜን ኬንያም በዚሁ ወቅት ዝናብ ስለሚያገኝ ውኃ መንገድ ሊያቋርጥ ይችላል። በበልግ አልመክረውም።

ባቡር የምትወዱ ከሆነ በአውሮፕላን ናይሮቢ ወርዳችሁ ማዳራካ ኤክስፕረስን መያዝ ትችላላችሁ። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ናይሮቢንና ሞምባሳን ያገናኛል። ፈጣኑ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል። በጻቮ ፓርክ መካከል ስለሚያልፍ የቀኑን ባቡር ከያዛችሁ ከመስኮት ዝሆን የማየት ዕድል አላችሁ፤ ቀይ አፈር ስለሚነሰንሱ ቆዳቸው ራሱ ቀይ ሆኖ ይታያል። ባቡሩ ሞምባሳ የሚያወርደው ከከተማው ውጭ ሚሪቲኒ ላይ ነው።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ከጠዋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ያላችሁ ሹፌር የሚመጣው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ግን በፈረንጁ ነው፤ 15:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት። በእንግሊዝኛ «ኤይት» ያላችሁ ሰው ደግሞ የእኛን 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ስልካችሁን አውጥታችሁ ሰዓቱን አሳዩት።

ከተማ ውስጥ ባጃጅ ሞልቷል፤ ቱክቱክ ይሉታል። ለጅማ ሰው አዲስ ነገር የለውም፣ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ መነጋገር ብቻ ነው። ደቡብ ወዳለው ዲያኒ ዳርቻ የምትሄዱ ከሆነ በሊኮኒ ጀልባ ትሻገራላችሁ፤ ለእግረኛ ነጻ ነው። ጀልባው ላይ ግፊያ ስላለ ስልክና ቦርሳችሁን ፊት ለፊት ያዙ። ሻንጣ ይዛችሁ ከኤርፖርት በቀጥታ የምትሄዱ ከሆነ ሹፌሩን በዶንጎ ኩንዱ መንገድ እንዲወስዳችሁ ጠይቁት፤ ጀልባውን ያስቀራል።

ባሕሩ ይመጣል፣ ይሄዳል

ይህን ክፍል ባሕር አይተው የማያውቁ ሁሉ ቀስ ብለው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ሐይቅ የለመደ ሰው ባሕርም ቦታው ላይ የሚቆይ ይመስለዋል። የሞምባሳ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ገደማ አለ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል።

ጠዋት ደረታችሁ ድረስ ውኃ የነበረበት ቦታ ረፋዱ ላይ ባዶ አሸዋ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ውኃው ሲሸሽ አረንጓዴ የባሕር ሣር መሬት ላይ ተኝቶ ይቀራል። በየጉድጓዱ ትንንሽ ዓሣዎች ይታሰራሉ፣ ሸርጣን ይሯሯጣል። ልጆች በጣም ይወዱታል። ነገር ግን ከድንጋዩ ሥር ጥቁር እሾሃም ፍጥረት አለ፣ የባሕር ጃርት ይባላል። እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። በባዶ እግር ወይም በክፍት ሸበጥ አትሂዱ፤ አሮጌ ሸራ ጫማ ያድናችኋል። ወደ ውስጥ ርቃችሁ ከሄዳችሁም ሰዓት ያዙ። ውኃው ሲመለስ ከኋላችሁ ባሉት ዝቅተኛ ቦታዎች ቀድሞ ሊሞላ ይችላል።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ለሞምባሳ የወጣውን የማዕበል ሰንጠረዥ ከኢንተርኔት አውርዱ። ለእያንዳንዱ ቀን ሙላትና ጉድለቱን በሰዓት ያሳያል። በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚንሸራተት የትናንቱን ለዛሬ አትጠቀሙ። ለመዋኘት ሙላቱን፣ ዳርቻውን በእግር ለማየት ጉድለቱን ምረጡ። ወደ ኪሲቴ ምፑንጉቲ የባሕር ፓርክ በጀልባ ለመሄድ ካሰባችሁ ከየካቲት ወይም ከመጋቢት መጀመሪያ አታሳልፉት።

መዋኘት የማትችሉ ከሆነ ከወገብ በላይ አትግቡ። ወንዝ ውስጥ የሚዋኝ ሰው ባሕር ውስጥ ዋናተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ባሕር ወደ ውስጥ ይስባል።

ሻንጣው

ፌስታል የሚባል ነገር ሻንጣችሁ ውስጥ እንዳይገኝ። ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። እኛ ጫማውን፣ ሳሙናውን፣ ቆሎውን ሁሉ በፌስታል ስለምንጠቀልል ዘመድ የቋጠረላችሁን እንኳ ፈትሹ። በጨርቅ ከረጢት ቀይሩት።

የጥጥ ልብስ ያዙ፣ ሰፋ ያለ። ጂንስ አይደርቅም። ላስቲክ የዝናብ ልብስ ከውስጥ በላብ ያረጥባል፤ ጃንጥላ ይሻላል። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌው ከተማ ሙስሊም የሚበዛበት ሰፈር ስለሆነ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ክብር ነው፣ ለፀሐይም ይጠቅማል። የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ነውና አዳፕተር አትርሱ።

ቡና በስጦታ የምትወስዱ ከሆነ የተቆላና የተፈጨ ይሁን፤ የሚፈቀደውን መጠንም ከጉምሩክ ጠይቁ።

ዝናብ የማይሰብረው የቀን እቅድ

በማሲካ ወቅት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ሌሊትና ማለዳ ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ይከፍታል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት እቅድ ይኑራችሁ፤ አንዱ የባሕር፣ ሌላው የጣሪያ ሥር። ለባሕሩ ቀን አትወስኑለት። ጠዋት ሰማዩ ከጠራ ያኔውኑ ሂዱ፣ ሌላው ይጠብቃል።

ለደመናማ ቀን ፎርት ጂሰስ አለላችሁ። ፖርቱጋሎች በ1593 (እ.ኤ.አ.) መገንባት የጀመሩት ምሽግ ነው፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ውስጡ ሙዚየም ስላለ ዝናብ ቢመጣ መጠለያ አይጠፋም። ከዚያ ወጥታችሁ በእግር አሮጌው ከተማ ውስጥ ትገባላችሁ። የተቀረጹ የእንጨት በሮችና ሰገነቶች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ። ዝናብ ከባድ ከሆነ ውኃ ስለሚያቁር ትንሽ ጠብቁት።

እዚያ ማምሻውን የቡና ሻጮቹን ሳታዩ አትመለሱ። ረጅም የናስ ጀበና፣ ከሥሩ ከሰል፣ ጆሮ የሌላቸው ትንንሽ ስኒዎች። ስኒውን በስኒ እያጋጩ ድምፅ ያሰማሉ፣ ሰው ይሰበሰባል። ቡናው ጥቁርና መራራ ነው፣ ዝንጅብል ያለበትም አለ። ስኳር የለውም፤ ጣፋጩን ለብቻው በእጅ ይዘው እየቀመሱ ይጠጡታል። ቁርሱን ከቡናው ጋር ለለመደ የጅማ ሰው ሥርዓቱ አይጠፋውም።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ባምቡሪ አካባቢ ያለው ሃለር ፓርክ ጥሩ ነው። ድሮ ለሲሚንቶ ድንጋይ የተቆፈረ ገደል ነበር፣ ዛፍ ተተክሎበት ዛሬ ቀጭኔና ግዙፍ ኤሊዎች ይኖሩበታል። ጥላ ስላለው በሙቀትም ይሆናል።

ጾምና ረመዳን

ዐቢይ ጾም ላይ ብትሄዱ አትራቡም። የባሕር ዳርቻው ሰው የሚያበስለው በኮኮናት ወተት ነው። ማሃራግዌ የሚባለው ቦሎቄ፣ ምባዚ የሚባለው የርግብ አተር፣ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን፣ ቻፓቲ፣ ካሳቫ፣ ሁሉም ይገኛል። ማሃምሪ የሚባል ብስኩት መሳይ ነገር ጠዋት ከምባዚ ጋር ይበላል፤ አንዳንዱ ቤት ወተት ወይም እንቁላል ስለሚያስገባ ጠይቁ። «ቢላ ማዚዋ» ማለት ያለ ወተት፣ «ሲሊ ንያማ» ማለት ሥጋ አልበላም ነው።

ለሙስሊም ተጓዥ ሐላል ምግብ በየደጃፉ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ከጉዞ ቀናችሁ ጋር መግጠም አለመግጠሙን እዩ። በረመዳን አሮጌው ከተማ ውስጥ ቀን ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል። ማታ ግን ሰፈሩ ይነቃል፣ ያኔ ማየቱ ደስ ይላል።

ከጉዞው በፊት ያሉት የመጨረሻ አሥር ቀናት

የኬንያ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የረጅሙን ዝናብ ወቅት አጠቃላይ ትንበያ ቀድሞ ያወጣል። እሱ የሚነግራችሁ ወቅቱ ከመደበኛው በላይ ወይም በታች መሆኑን ነው። ለጉዞ ቀናችሁ የሚጠቅማችሁ የሳምንቱ ትንበያ ነው። ከአምስት ቀን በላይ ያለውን እንደ ግምት ያዙት።

ስልካችሁ ለሰባቱም ቀን የዝናብ ደመና ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ቢዘንብም ምልክቱ ያው ነው። የሰዓት በሰዓቱን ክፈቱና ሚሊ ሜትሩን እዩ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ ሂዱ። በተከታታይ ቀናት በቀን 50 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የጎርፍ ወይም የኃይለኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ቀኑን ቀይሩ። እንደ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024ቱ ሂዳያ ያለ የባሕር አውሎ ነፋስ ብዙም ባይመጣ፣ ሲመጣ የዳርቻውን እንቅስቃሴ ያቆመዋል።

ቀን ለመቀየር ግን አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። ሆቴሉን ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አድርጋችሁ ያዙ፤ የሚሰረዝበትን የመጨረሻ ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ። ትኬት ስትገዙ የቀን መቀየሪያው ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ። በጣም ርካሹ ትኬት ብዙ ጊዜ ቀን አይቀይርም፤ በበልግ ለሚደረግ ጉዞ ትንሽ ጨምሮ የሚቀየረውን መግዛት ይሻላል። ፈቃዳችሁንም ከመሥሪያ ቤት ስትጠይቁ ከመመለሻው በኋላ አንድ ትርፍ ቀን ጨምራችሁ ጠይቁ፤ የጅማው በረራ ቢዘገይ ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ አትገኙምና።